ግራና ቀኝ

ጥቅምት አጋማሽ ነው። ከጎሃ ቁልቁል ነፋሱ ሲመጣ፣
በመስኮቱ ካርቶን፣ በተቀደደው በኩል፣ ሲገባ ሲወጣ፣
ስምንተኛ "ለ" ፊት ቆሜያለሁ እኔ፣
አንድ እጄ ላይ ፈተና፣ አንድ እጄ ላይ ጠመኔ።

ስም ልጠራ ብዬ አፌን ስከፍተው
"ማ" ላይ ተያዘብኝ፤ የ"መ" ዘር በሙሉ ሁሌም የሚይዘው።
"ማ... ማ..."
ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤
ማንደፍሮ ግን ቀድሞኝ ተነሳ፣ ሳልጨርስ ስሙን፤
ገና ሳያየው ያውቀዋል ውጤቱን።
አራት ከሃያ። አጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ከተተው፤
ሌላ ቀን ቢሆን እንዳላየ ሆኜ ነበር የምተው።

"ይቅር" አልኩ፣ "የዛሬው ትምህርት፤
ባዶ ወረቀት አውጡ፣ ከመሃል እጠፉት፤
በቀኝ የሚቀናችሁ፣ በግራ የሚያቅታችሁ ይጻፍ፤
አላርመውም እኔ፤ ቀዩ እስክሪብቶዬ ከኪሴ ይረፍ።"

ከአዘዞ መንገድ የባጃጅ ጡሩምባ፣ ከግንቡ በኩል የጠጋኝ መዶሻ ኳኳታ፣
ከዚያ በቀር ድምፅ የለም፤ ሃምሳ ሁለት አንገት አቀረቀረ ለአፍታ።

ውባየሁ ከፊት ናት፤ አንደኝነት ያልለቀቀች ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ፤
ቀኟ ጢም ብሏል፣ ሒሳብ፣ ሥዕል፣ ክርክር፣ ተቆጥሮ ተቆጥሮ፤
ግራዋ ግን ነጭ፣ አንድ ነጥብ የሌለው፣
አሁን እንደተለሰነ ግድግዳ፣ ገና ጣት ያልነካው።

የማንደፍሮ ተገልብጧል፤
ግራው ሞልቶ ፈሶ ወደ ጀርባ ዞሯል፦
"ማካፈል አልችልም። ቶሎ አይገባኝም።
ጽሕፈቴ አያምርም። ሰው ፊት አልናገርም።"
ቀኙ ላይ ቀኑን ብቻ ጽፏል።
"አንድ እንኳ?" አልኩት። "ፈልጌያለሁ" አለ። እውነቱን ነው፤ ፈልጓል።

"ያንን ከካልሲህ አውጣው" አልኩት፤ ዘረጋነው ዴስኩ ላይ፤
"እስቲ አምስተኛውን እንይ፤
የት ጋ ነው የሳትከው?"
ጣቱን ሳያመነታ ሦስተኛው መስመር ላይ አሳረፈው፦
"እዚህ። ዜሮዋን ማውረድ ረሳሁ። ከዚህ በታች ያለው
ትክክል ነው ጋሼ፤ ግን ስህተት ላይ ነው የቆመው።"
"ይሄስ?" "ምልክቷን ዘለልኳት።" "ይሄስ?" "ገመትኩ፤ ባዶ መተው አፈርኩ።"
አስራ ስድስት ስህተት፣ እንደ ሰፈር ልጆች በየስማቸው ሲጠራቸው ሰማሁ፤ ደነገጥኩ።

"እንግዲህ ይ... ይ..." እምቢ አለኝ ቃሉ፤ እስክሪብቶዬን ሰጠሁት፤
ከቀኑ በታች ያለውን ባዶ ቦታ አሳየሁት።
ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ጻፈ፣ በዚያ በማያምር ጽሕፈቱ፦
"ስሳሳት፣ የት እንደተሳሳትኩ አውቃለሁ።"
አላደገም ያን ቀን፤ አራት ሆኖ ቀረ ውጤቱ።

"ጋሼ፣ የእርስዎስ?" ያለው ማን እንደሆነ ዛሬም አላወቅኩም፤
ሰሌዳው መሃል መስመር አሰመርኩ፤ በግራው "መ" ብዬ ጻፍኩ፤ አልጨረስኩም።
ያውቋታል ያችን ፊደል፣
"መምህር" ልል ስል ደጄ ላይ ቆማ የምትከለክል።
ቀኙን ምን ልበለው? ደወሉ አዳነኝ።

ውባየሁ ሁሉም ሲወጣ ቀረች። ቦርሳዋን አዘለች፣ አወረደች፤
"ጋሼ፣ አላውቅም ማለት አልችልም" አለች፤
"የማላውቀውንም አውቃለሁ እላለሁ፤ ማታ እንቅልፍ አይወስደኝ።"
ጻፈችው፣ በእርሳስ፣ በቀላሉ እንዲጠፋ፤
ተውኳት። ጽሕፈት ጽሕፈት ነው፣ ባይደምቅም፣ ባይሰፋ።

ማታ ቀሃን ስሻገር ስሜን ከነማዕረጌ ለውሃው ነገርኩት፤
ለውሃ አይያዝብኝም፤ አንዴም ሳልደናቀፍ ጨረስኩት።

በነጋታው ስገባ ተረኛው ሰሌዳ አልጠረገም፤
የእኔ "መ" እዚያው ናት፤ በቀኙ ግን ባዶ የለም፤
በሦስት በአራት ሰው እጅ፣ አንዱ በጣም የማያምር፣
"ይጠብቁናል" ይላል።
ዝም ብዬ ቆምኩ፣ እንደማያነብ፣ እንደሚቆጥር።

ስም መጥሪያውን ከፈትኩ፤
"ማ..." አልኩ። "ማ..." ደገምኩ።
ማንደፍሮ እንደ ልማዱ ቀድሞኝ አልተነሳ፤
ጠበቀኝ፤ ሁሉም ጠበቁኝ፤ ነፋሱ ብቻ ካርቶኑን አነሳ።
"...ማን" አልኩ፣
"ደፍሮ።"
"አቤት!" አለ፣ ሰው ፊት፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።